በአንድ ቀን የትኛውን ፍርስራሽ እንይ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለስብሰባ ወይም ለአጭር ሥልጠና ሮማ ደርሶ የተመለሰ መሐንዲስ «ምን አይተህ መጣህ?» መባሉ አይቀርም። በከተማዋ መካከል ያለውን ኮሎሲየም ሁሉም ያያል። አንድ ሙሉ ቀን ተርፎት ከከተማዋ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ግን ወዲያውኑ ምርጫ ይገጥመዋል። ፖምፔይ፣ ሄርኩላኔዩም፣ በቲቮሊ ያለው የሐድሪያኖስ ቤተ መንግሥት፣ ኦስቲያ፤ አራቱም የጥንት ሮማውያን ፍርስራሾች ናቸው፤ ቀኑ ግን አንድ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በዚህ ምርጫ አንድ ጊዜ እንዴት እንደ ተሳሳትሁ፣ በሁለተኛው ጊዜ ያየሁት ነገርም በገዛ ሥራዬ እንዴት እንዳሳፈረኝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ለማስረዳት ከአንድ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ መጀመር ይኖርብኛል። ግንባታውን የተቆጣጠርሁት እኔ ነበርሁ። ርክክቡ ከተፈጸመ ከሦስት ክረምት በኋላ ነዋሪዎቹ አቤቱታ አቀረቡ። አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ገብቷል፤ የላይኛው ፎቅ ልስን እየተላቀቀ ይወድቃል፤ የአንዲት ባልቴት መኝታ ክፍል ሻጋታ ወርሶታል። እኔም ጉዳቱን ከታች ሆኜ ተመልክቼ አጭር ሪፖርት ጻፍሁ። ጥፋቱ አሸንዳውን ያላጸዱት የነዋሪዎቹ ነው የሚል ነበር። ሪፖርቱ ተቀባይነት አገኘ። ወደ ሮማ የሄድሁትም ከዚህ በኋላ ነው።

በሥልጠናው ጊዜ ሥራ የሌለባቸው ሁለት እሑዶች ነበሩኝ። በመጀመሪያው እሑድ ከአንድ የሥልጠና ጓደኛዬ ጋር ሆነን ፖምፔይንና ሄርኩላኔዩምን በአንድ ቀን ጠቅልለን ለማየት ተነሣን። ሁለቱም በኔፕልስ አቅራቢያ፣ በቬሱቪዩስ ተራራ ግርጌ ስለሚገኙ ዕቅዱ በካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፖምፔይ ከሮማ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስከ ኔፕልስ በፈጣን ባቡር፣ ከዚያም በአካባቢው ባቡር ሲኬድ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከተማዋም 66 ሄክታር ናት፤ ሲሶ ያህሏ እስከ ዛሬ አልተቆፈረም።

በፖምፔይ ለአንድ መሐንዲስ የሚታየው ብዙ ነው። በቬሱቪዩስ በር አጠገብ ከተራራ የመጣው ውሃ ለከተማው የሚከፋፈልበት ቤት አለ፤ በየመንገዱ ማዕዘን ግፊቱን የሚቀንሱ የውሃ ማማዎች ቆመዋል፤ የእርሳስ ቧንቧዎችም ይታያሉ። በ62 በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ከተጎዱት ቤቶች ብዙዎቹ፣ እሳተ ገሞራው በ79 ሲፈነዳ ገና በጥገና ላይ ነበሩ። ሄርኩላኔዩምን ደግሞ የሸፈናት እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ትኩስ የእሳተ ገሞራ ቁስ በመሆኑ፣ በሌላ ስፍራ የበሰበሰው እንጨት በእርስዋ ዘንድ ከስሎ ተርፏል። ወራጁ፣ በሩ፣ አልጋው ሳይቀር አለ። እኛ ግን በፖምፔይ እየሮጥን ከረምንና ሄርኩላኔዩም የደረስነው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነበር። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ረስተን ሁለቱንም ሳናይ ተመለስን።

ለሁለተኛው እሑድ የቀሩት ቲቮሊና ኦስቲያ ነበሩ። ሁለቱም ከሮማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ፤ ቲቮሊ በምሥራቅ፣ ኦስቲያ በደቡብ ምዕራብ። በቲቮሊ አቅራቢያ ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያኖስ ከ118 ገደማ ጀምሮ ያሠራው ቤተ መንግሥት 120 ሄክታር፣ ማለትም በቀድሞው አለካክ ሦስት ጋሻ ያህል መሬት ይዟል። የጉልላት ሥራ ለሚያጠና ሰው ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ግን ንጉሠ ነገሥት ሕንፃ አሠርቶኝ አያውቅም፤ የምሠራው ለተከራይና ለደመወዝተኛ ነው። ስለዚህም ኦስቲያን መረጥሁ።

የኦስቲያ ባቡር የሚነሣው ከፖርታ ሳን ፓውሎ ጣቢያ ነው። በመንገዴ ላይ ስላገኘሁት አስቀድሜ በፖርታ ካፔና አደባባይ ቆምሁ። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው፣ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት ተነቅሎ እስከ ወረደበት እስከ 2003 ድረስ የቆመው እዚያ ነበር። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በአክሱም እንደ ገና ቆሟል። ባዶነቱ ደስ ያሰኘኝ ስፍራ ያ ብቻ ነው። ኦስቲያም ብትሆን ከዚያው ዘመን ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት። የፋሺስቱ መንግሥት በ1942 በሮማ ሊያደርገው ላሰበው የዓለም ኤግዚቢሽን እንድትደርስ ተብሎ ከ1938 ጀምሮ ሰፊ ክፍሏ በጥድፊያ ተቆፈረ። ኤግዚቢሽኑ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ፤ በጥድፊያው የተጠረገው የከተማዋ የመጨረሻ ዘመን ማስረጃ ግን አልተመለሰም።

ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ራሴን በኪራይ ቤቶች መካከል አገኘሁት። ከታች ሱቅ፣ በጎን ከመንገዱ በቀጥታ የሚነሣ ደረጃ፣ ከላይ መኖሪያ። ግድግዳው ከኖራና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የተሠራ፣ በጡብ የተለበጠ ኮንክሪት ነው። በሮማ እንዲህ ያሉት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ አውግስጦስ ቄሣር የሕንፃ ከፍታ ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ትራያኖስም በኋላ ወደ 60 ጫማ ዝቅ አደረገው። ግድግዳዎቹን ቀርቤ ስመለከት ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ጥገናቸው ነበር። እዚህ የተደፈነ በር፣ እዚያ ለደከመ ቅስት ድጋፍ የተጨመረ የጡብ ዓምድ አየሁ። አንድ ሰው እየተመላለሰ ያያቸው እንደ ነበር ይታወቃል።

በትልቁ የእህል መጋዘን ደግሞ ወለሉ በትናንሽ ግድግዳዎች ላይ ከፍ ብሎ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ተደርጓል። እርጥበት እህል እንደሚያበላሽ ስላወቁ መከላከያውን ለዘበኛው ትጋት አልተዉትም፤ ከወለሉ ጋር አብረው ሠሩት። እዚያ ቆሜ ሳለሁ አሸንዳዬ ታወሰኝ። ወደዚያ ጣሪያ የሚያደርስ መሰላል አልነበረም፤ የጣሪያ መውጫም አልነበረም። ንድፉን ስመረምር አላስተዋልሁትም፤ ግንባታውን ስቆጣጠር አልጠየቅሁም። ታዲያ እነዚያ ባልቴት አሸንዳውን በምን ወጥተው ሊያጸዱት ኖሯል?

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ፖምፔይን ያጠፋት የተራራው ቁጣ ነው፤ የፈጀውም ከሁለት ቀን አይበልጥም። ኦስቲያ ግን ለመሞት ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባታል። የወንዙ አፍ በደለል ስለሚሞላ ቀላውዴዎስ ቄሣር በ42 በስተ ሰሜኗ አዲስ ወደብ ማሠራት ጀመረ፤ ትራያኖስም ባለ ስድስት ማዕዘን የመርከብ መቆሚያ ጨመረበት። ኦስቲያ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በልጽጋለች፤ ዳሩ ግን ሥራዋ ቀስ በቀስ ሸሻት፤ ነዋሪው ቀነሰ፤ ቤቱን የሚጠግን ጠፋ፤ እብነ በረዱም እየተነቀለ ለሌላ ሕንፃ ተወሰደ። ፖምፔይም ከተቆፈረች ወዲህ ይኸው በሽታ አላለፋት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከባድ ኮንክሪት ጣሪያ የታደሰው የግላዲያተሮች ቤት የሚባለው ሕንፃ በኅዳር 2010 ከዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከዚህም የተነሣ በ2012 የ105 ሚሊዮን ዩሮ የጥገና ፕሮግራም ተጀመረ። እኛ የምንሠራቸው ሕንፃዎች አብዛኛዎቹ የሚሞቱት በዚህ ዓይነት፣ በዝግታና በቸልታ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ከቴአትሩ ጀርባ ባለው አደባባይ ዞርሁ። ዙሪያውን 60 ያህል ትናንሽ ክፍሎች አሉ፤ በፊታቸው የመርከበኞችና የነጋዴዎች ማኅበራት መርከብ፣ የወደብ መብራትና የእህል መስፈሪያ በጥቁርና በነጭ ሞዛይክ አሠርተዋል። የሕንፃ ሠሪዎች ማኅበርም በከተማዋ የራሱ ቤት ነበረው፤ በ198 በድንጋይ የተቀረጸው የአባሎቹ ዝርዝር ከ300 በላይ ስሞች ይዟል። ስማቸውን ለሥራቸው መያዣ የሰጡ የሙያ ወንድሞቻችን መስለው ታዩኝ። በእኔ ሪፖርት ሥርም ፊርማዬ ነበረበት።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ የቀድሞውን ሪፖርት በሌላ ሪፖርት ሻርሁት። ቋሚ መሰላልና የጣሪያ መውጫ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረብሁ። ገንዘቡ እስኪፈቀድ አንድ ተጨማሪ ክረምት አለፈ፤ በዚያም ክረምት ውሃው እንደ ገና ገባ። ባልቴቲቱን ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ወጥተህ ብታየው ኖሮ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሙያ ምክር ከማንም አልሰማሁም።

ስለዚህ ወደ ሮማ የምትሄዱ ባልደረቦች «የትኛው ፍርስራሽ ይበልጣል?» ከማለታችሁ በፊት በሥራችሁ ላይ ያልተፈታውን ጥያቄ ፈልጉ። ጥያቄያችሁ ስለ ውሃ ከሆነ ፖምፔይ፣ ስለ እንጨት ከሆነ ሄርኩላኔዩም፣ ስለ ጉልላት ከሆነ ቲቮሊ፣ ሰዎች ስለሚኖሩበት ቤት ከሆነ ኦስቲያ ሂዱ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጡና ቀኑን ሙሉ ስጡት።