አማተር ፎቶግራፍ አንሺና የውድድር ፍርድ



«አማተር» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ወዳድ» ማለት ነው። እንግዲህ አማተር ፎቶግራፍ አንሺ ማለት እንጀራው ከሌላ ሙያ የሆነ፣ ካሜራውን ግን ስለ ፍቅር የሚያነሣ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ንድፍ ሲነድፍ የሰነበተ መሐንዲስ፣ በሽተኛ ሲመረምር የቆየ ሐኪም ወይም ደብተር ሲያርም የከረመ መምህር በዕረፍቱ ቀን ካሜራውን አንግቶ ሲወጣ የሚያዘው አለቃም ሆነ የሚያቻኩለው ደንበኛ የለም። ይህ ነፃነት ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ጉድለትም አለበት፤ ሥራውን ከወዳጅ ዘመድ በቀር የሚመለከትለት ስለማይኖር ከምስጋና ሌላ ፍርድ ሳይሰማ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የውድድር ዋና ጥቅሙም ከዚህ ላይ ነው፤ አማተሩን በማያውቀውና ይሉኝታ በሌለበት ዳኛ ፊት ያቆመዋል።

ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። በ1887 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አማተር ፎቶግራፈር» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ባዘጋጀው ውድድር አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ አንደኛ ወጥቶ የብር ሜዳልያና 2 ጊኒ ተሸለመ። ይህ ወጣት በበርሊን ትምህርቱን የጀመረው በምሕንድስና ነበር። ዳኛው ፒተር ሄንሪ ኤመርሰንም በትምህርቱ ሐኪም ነበር። ያሸለመው ሥራ በጣሊያን አገር ቤላጅዮ በምትባል ከተማ በሳቅ የሚፍለቀለቁ ልጆችን ያሳያል። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሰውን አሰናድተውና አልብሰው በማስቀመጥ ፎቶግራፉን የቀለም ሥዕል ለማስመሰል ይደክሙ ስለ ነበር፣ ዳኛውን የማረከው ይህ ሥራ ከሕይወት እንዳለ የተወሰደ መሆኑ ነው።

ስቲግሊትዝ በዚህ ረክቶ አልተቀመጠም። በ1893 ፌብሩዋሪ 22 ቀን በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ የሚፈልጋት ቅጽበት እስክትመጣ ድረስ በበረዶ ማዕበል ውስጥ 3 ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። ጋሪው በረዶውን እየሰነጠቀ ሲመጣ አነሣው። ከዚያም በኋላ ኔጌቲቩን ሙሉውን አላተመም፤ ለነገሩ የማይረባውን ዳርቻ ቆርጦ ጣለ። ከዚህ አንድ ሥራ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ አንደኛው መጠበቅ፣ ሁለተኛው መቀነስ ነው።

ስለ መጠበቅ የቅርብ ምሳሌ ቢፈለግ የስሜን ተራሮች ይበቃሉ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር፣ በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ምድብ ያሸነፈው አንድ ጣሊያናዊ ወጣት ያቀረበው የጭላዳ ፎቶግራፍ ነበር። ወጣቱ ጭላዳዎቹ የሚያድሩበትን ገደል አስቀድሞ አጥንቶ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከአፋፉ ደርሶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። በመጨረሻም ግልገሏን በሆዷ ያዘለች እናት ከገደሉ ወጥታ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ከኋላዋ ያሉት ተራሮች ገና በጥላ ውስጥ እንዳሉ፣ በለዘብተኛ ፍላሽ አነሣት። ጭላዳን በስሜን ያላየ መንገደኛ የለም። ያቺን ቅጽበት ያገኘው ግን ቦታውን አጥንቶ በብርድ የተቀመጠው ነው።

ስለ መቀነስ ደግሞ ከመቍረጥ የሚከብደው መምረጥ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ በሥራው ላይ የሚያየው ዳኛው የማያየውን ነው፤ የወጣውን ዳገትና ያደረበትን ብርድ፣ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን ሰው ደግነት ጭምር ያስታውሳል። ዳኛው ግን በመቶና በሺህ ከሚቆጠሩ ሥራዎች መካከል ለአንዱ የሚሰጠው ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ሥራቸውን ለጥቂት ሳምንታት ያስቀምጡትና እንደ እንግዳ ተመልሰው ያዩታል። አራቱን ማዕዘኖች ይመረምራሉ፤ ዐይንን የሚሰርቅ ነጭ ነገር፣ ከሰው ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የስልክ እንጨት፣ የተዛነፈ አድማስ እንዳለ ያጣራሉ። በቦታው ላልነበረ ሰው ሲያሳዩም «ወደድከው ወይ?» ሳይሆን «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ካሰቡት የራቀ እንደ ሆነ ሌላ ፎቶግራፍ ይመርጣሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ደንቡን ማንበብ ነው። በ1950 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን በየአገሩ ለሚደረጉ ኤግዚቢሽኖች ደጋፊነቱን ሲሰጥ ምድቦቹን በጥንቃቄ ለይቶ ነው፤ በነፃ ምድብ የሚፈቀደው ማስተካከያ በተፈጥሮ ምድብ ሊከለከል ይችላል። የመግቢያ ክፍያውና የሥዕሉ መጠን በጊዜ ሊታወቁ ይገባል። ከሁሉ በላይ የሥራው ባለቤትነት መብት ለማን እንደሚሆን መመርመር ያስፈልጋል፤ ተወዳዳሪው ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ሥራውን ያለ ገደብ ለአዘጋጁ የሚያስረክብ ደንብ ሲያጋጥም አለመግባት ይሻላል።

ደንብ ማፍረስ ደግሞ ሽልማትንም ስምንም ያሳጣል። ከላይ በተጠቀሰው የለንደን ውድድር በ2009 አንደኛ የወጣው፣ በሌሊት አጥር ሲዘል የሚታይ ተኵላ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው ቢክድም፣ ዳኞች ተኵላው ለማዳ ሳይሆን እንዳልቀረ ስላመኑ በ2010 ሽልማቱ ተሰረዘ። በ2023 ደግሞ ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት በክፍት ውድድሩ የፈጠራ ምድብ ካሸነፈ በኋላ፣ ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ መሆኑን ገልጾ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ዛሬ ብዙ ውድድሮች አሸናፊነትን ከማወጃቸው በፊት ከካሜራው የወጣውን ያልተነካ ፋይል ይጠይቃሉና ተወዳዳሪው ዋናውን ፋይል ጠብቆ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ለሚያነሣ አማተር ከደንብ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። የተቸገረ ሽማግሌ ወይም እግሩ ባዶ የሆነ ሕፃን የሩቅ አገር ዳኛን ልብ ይነካል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ካሜራ ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል። ሰውየው ግን ፊቱ የት እንደ ተሰቀለ ሳያውቅ ይቀራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይሰቀል፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ተከታዩ አንቀጽ ለሕዝባዊ በዓላትና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታዎች ቦታ ቢተውም፣ ጨዋነት ከልዩ ሁኔታው አይሻገርም። «እማማ፣ ፎቶግራፍ ባነሣዎት ይፈቅዳሉ? ለኤግዚቢሽንም አቀርበዋለሁ» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እምቢ ካሉም ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አመስግኖ ማለፍ ነው። እሺ ያሉ እንደ ሆነ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ በሥዕሉም ላይ የሚታየው ችግራቸው ብቻ ሳይሆን እርሳቸው ራሳቸው ይሆናሉ።

ከተወዳዳሪዎች የሚበዙት እንደማይሸለሙ የታወቀ ነው። ሳይሸለም የቀረ አማተር ያሸነፉትን ሥራዎች ከራሱ ሥራ አጠገብ አኑሮ ልዩነቱን በጽሑፍ ቢያስፈር፣ የመግቢያውን ዋጋ አስመልሷል ማለት ነው። በማግሥቱም ያው ዳገት፣ ያው ገበያና ያው የማለዳ ብርሃን ይጠብቁታል፤ ካሜራውን የያዘው ስለ ፍቅር ነውና።