የሱቃችን ትርፍና የአገር ቤት ውኃ

(በሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በሱቅ ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)



የሱቅ ኮሚቴው ዛሬ ከፊታችሁ የቀረበው አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ ነው። ይኸውም በማኅበራችን ስም የተከፈተው ትንሹ ሱቅ ከሚሸጠው እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ላይ ጥቂት እየተነሣ አገር ቤት ላለ አንድ የገጠር ቀበሌ የንጹሕ ውኃ ሥራ መርጃ ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ነው። ባለፈው ስብሰባ «ሱቅ ሱቅ ነው፣ ዕድር ዕድር ነው፤ ምን አቀላቀላቸው?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ እዚሁ እንግሊዝ አገር ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስንጠይቅና ስናነብ ከርመናል።

እንደምታውቁት በዚህ አገር ያገለገለ ልብስና መጽሐፍ የሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆች በየመንገዱ አሉ። ከመካከላችን የመጀመሪያ ካፖርቱን ከዚያ ያልገዛ ስንት ሰው አለ? ምን ያሳፍራል! ከነዚህ ሱቆች ስሙ የገነነው ኦክስፋም ነው። በ1942 ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ በኮሚቴነት ሲቋቋም ዓላማው በጦርነቱና በባሕር ከበባው ምክንያት ለተራበው የግሪክ ሕዝብ እህል እንዲገባ መወትወት ነበር። በ1947 ደግሞ ብሮድ ስትሪት በተባለው የከተማው መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ ሱቅ ያዘ። እንግዲህ የዛሬዎቹ የኦክስፋም ሱቆች መነሻ እንዲህ ያለች አንዲት ሱቅ ናት።

የነዚያ ሱቆች ምሥጢር ምንድን ነው ብትሉ ዕቃው በነጻ መምጣቱ ነው። አብዛኛው ሻጭም ያለ ደመወዝ የሚያገለግል በጎ ፈቃደኛ ነው። በስጦታ የመጣ ዕቃ ሲሸጥ ቫት አይታሰብበትም፤ ከሱቅ ቤት ግብርም 80 በመቶው ይቀርላቸዋል። በዚህ ላይ ልብሱን የሰጠው ሰው ግብር ከፋይ ከሆነና ቅጹን ከፈረመ፣ ዕቃው ከተሸጠበት ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከኛ ሰዎች ብዙዎቹ ሠርተው ግብር ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ከረጢቱን በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ቅጹ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እባካችሁ ፈርሙ።

ታዲያ ፓውንዱ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል ማለት አይደለም። ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ የሱቅ ኃላፊ ደመወዝ አለ። የሚሄደው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ያልተሸጠው ልብስም ተለይቶ ከፊሉ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ኦክስፋም ለዚሁ መለያ የሚሆን ሥፍራ ሀደርስፊልድ ላይ የከፈተው በ1974 ነበር። እኛ አገር ቤት ሰልባጅ የምንለው ዕቃ የሚመጣው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ሰልባጅ ድኻውን ያለብሳል፤ ግን የልብስ ሰፊውንና የሸማኔውን ገበያ ይሻማል። በዚህ ነገር ኮሚቴው ራሱ አልተስማማም፤ ስለዚህ ልብስ እንሽጥ ብለን አላቀረብንም።

የኛ ሱቅ ከነሱ የሚለየው የሚሸጠውን ገዝቶ መሆኑ ነው። ስለሆነም «ከሽያጩ 5 በመቶ ይሰጥ» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ደስ ቢልም ሒሳቡን እንየው። ለምሳሌ የ100 ፓውንድ ሽያጭ ቢኖር፣ 72ቱ ለዕቃው፣ 21ዱ ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለማመላለሻና ለሠራተኛ ወጣ እንበል፤ የተረፈው 7 ነው። ከሽያጩ 5 በመቶ ሲነሣ 5 ፓውንድ ሄዶ ለሱቁ 2 ይቀራል። አንድ ሳምንት እንጀራው ሻግቶ ቢጣል ያቺም የለች! ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ለውኃውም ለኛም አይሆንም። በመሆኑም ኮሚቴው የሚያቀርበው ከትርፉ አንድ ሦስተኛ እንዲሆን ነው። በዚሁ ምሳሌ 2 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ይሆናል። በከሰርንበት ወር ምንም አንሰጥም፤ ይህም በግልጽ ይጻፋል።

ሁለተኛው ነገር ቡናው ነው። የፌርትሬድ ምልክት ያለው ቡና ሲገዛ ከዋጋው በላይ በፓውንድ ክብደት 20 የአሜሪካ ሳንቲም ለገበሬዎቹ ማኅበር ይከፈላል፤ በኪሎ ወደ 44 ሳንቲም መሆኑ ነው። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት አባላቱ ራሳቸው በስብሰባ ነው። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ መንገድ ትምህርት ቤትና ውኃ የመሳሰሉ ሥራዎችን ሠርቷል። ጥሬ ቡና ገዝተን እቤታችን የምንቆላ ሰዎች ስለሆንን ዋጋው በጥቂቱ ከፍ ቢልም ይህን ቡና ሱቃችን እንዲያመጣ እንጠይቃለን። ሱቁ ባያተርፍ እንኳ ያቺ 44 ሳንቲም አስቀድማ ተከፍላለች።

ሕጉንም አይተናል። በ1992 በወጣው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ሕግ መሠረት ነጋዴ «ከዚህ ሽያጭ ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ» ብሎ ሲያስታውቅ ከድርጅቱ ጋር የጽሑፍ ውል ሊኖረው፣ ስንት እንደሚሰጥም ለገዢው ሊናገር ይገባዋል። እንግዲህ ካርቶን ላይ «ለወገን» ብሎ ጽፎ ሣንቲም መልቀም አይበቃም። ገንዘቡም አገር ቤት በሚሄድ ሰው ኪስ አይላክም፤ በሕግ በተመዘገበ ድርጅት በኩል፣ በባንክ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይሆናል። ደረሰኙ በየሦስት ወሩ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ለምን አዲስ ጉድጓድ አናስቆፍርም ላላችሁ፣ አቅማችን አይደለም። ደግሞም የገጠር ችግር ብዙ ጊዜ ጉድጓድ አለመኖሩ ብቻ ሳይሆን የተቆፈረው መበላሸቱ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ የመንደሩ ሰው ራሱ በጥቂት መሣሪያ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግን ላስቲኩና ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎቹ ካልተቀየሩ ይቆማል። ሲቆም እናቶች እንስራቸውን ወይም ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። የኛ ገንዘብ ለመለዋወጫና ለጠጋኞች ሥልጠና ቢውል፣ የመንደሩም የውኃ ኮሚቴ በበኩሉ ከተጠቃሚው የሚሰበስበውን መዋጮ ቢቀጥል፣ ትንሿ ትርፍ ሥራ ትሠራለች ብለን እናምናለን።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ከትርፉ አንድ ሦስተኛ ይሰጥ ወይ፣ ቡናው ይለወጥ ወይ፣ ሒሳቡን የሚመረምሩ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች እነማን ይሁኑ። የሱቁ የዓመት ሒሳብ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንብባችሁ ኑ። መምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ እናደርሳለን።