ከፈቃዱ እስከ ቼኩ፦ የአደጋ ዝግጁነት ግራንትና የእኛ እቁብ

(በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው እንድናገርበት የሰጠኝ ጉዳይ መንግሥት ለአደጋ ዝግጁነትና ለሕዝብ ደኅንነት የሚሰጠው ግራንት ነው። ባለፈው ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ «ሌሎች ማኅበራትና ቤተ እምነቶች በመንግሥት ገንዘብ ካሜራና ጠንካራ በር ሲያስገቡ እኛ ለምን አንጠይቅም?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራዬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሂሳብ መያዝ ስለሆነ፣ ይህ ገንዘብ ከየት ተነሥቶ በማን እጅ እንደሚያልፍና የት ላይ እንደሚቆም ላስረዳ። ከዚያም ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበትን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ሁለት ነገር እንለይ። ጎርፍ ወይም ማዕበል ከደረሰ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ ከባድ አደጋ መድረሱን ሲያውጁ፣ ፌማ ለቤተሰብ የሚሰጠው እርዳታ አለ። የዛሬው ርእሳችን እሱ አይደለም። የዛሬው ከአደጋው በፊት የሚሰጠው ገንዘብ ነው። እድራችን ሐዘን ከገባ በኋላ ይደርሳል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ይህ ገንዘብ ግን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ለሚባለው ሥራ የተመደበ ነው።

ፌማ የተቋቋመው በ1979 ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አዲስ የሆምላንድ ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ፌማም በ2003 በሥሩ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው የዝግጁነት ገንዘብ በብዙ መስመር ይወርዳል። እኛን የሚመለከቱን ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሆምላንድ ሴኩሪቲ ግራንት የሚባለው ነው። ለስቴቶችና ለትልልቅ ከተሞች ይሰጣል። ስቴቱ ከተቀበለው ቢያንስ 80 በመቶውን ለካውንቲና ለከተማ አስተዳደሮች እንዲያስተላልፍ ሕጉ ያስገድዳል። በዚህ ገንዘብ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሣሪያ ይገዛል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ የአደጋ ልምምድ ይደረጋል። ሁለተኛው የካውንቲውን የአደጋ ጊዜ ቢሮ ሥራና የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚደግፈው ነው፤ ፌዴራሉ ግማሹን ሲከፍል ግማሹ ከስቴቱና ከካውንቲው ይወጣል። ሦስተኛው በቀጥታ ለእንደኛ ዓይነቱ ማኅበር የታሰበው፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የደኅንነት ግራንት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእጃችን አይገቡም። ያ ማለት ግን አይመለከቱንም ማለት አይደለም። በነሐሴ 2016 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች አፓርትመንት በጋዝ ፍንዳታ ሲወድም ሕፃናትን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞተዋል። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በመስከረም 2021 የአይዳ ማዕበል ዝናብ ሮክቪል ውስጥ አንድ የአፓርትመንት ግቢ ሲያጥለቀልቅ የ19 ዓመት ወጣት ሞቷል። በዚያው ማዕበል ኒውዮርክ ከተማ በቤዝመንት ቤቶች ውስጥ 11 ሰዎች ሞተዋል። ከመካከላችን በቤዝመንት የምትኖር፣ ማታ ሥራ ውላ ቀን የምትተኛ፣ በስልኳ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ማንበብ የማትችል እናት ያላት ስንቷ ናት?

ካውንቲው እቅድ ሲያወጣ እነዚህን እናቶች የሚያስባቸው መኖራቸውን የሚነግረው ሰው ካለ ነው። መብቱም አለን። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ለይቶ አገልግሎት እንዳይነፍግ ይከለክላል። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለው፤ አማርኛም መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ካውንቲው በዚህ ገንዘብ ስብሰባ ወይም የአደጋ ልምምድ ሲያዘጋጅ ከእኛ ሁለት ሰው መገኘት አለበት። ሰርት የሚባለው የአካባቢ የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ሥልጠናም አለ። በሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ መምሪያ በ1985 የተጀመረ ሲሆን ከ1993 ጀምሮ በፌማ በኩል በመላው አገሪቱ ተስፋፍቷል። ትንሽ እሳት ማጥፋት፣ የተጎዳ ሰው መርዳት፣ ጋዝ መዝጋት ያስተምራል። ይህ ለእኛ ገንዘብ አያስወጣም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። የድርጅቶች የደኅንነት ግራንት በ2005 ሲጀመር ትንሽ ነበር። በጥቅምት 2018 ፒትስበርግ በአንድ ምኩራብ 11 ሰዎች ከተገደሉ በኋላና በሌሎች ቤተ እምነቶች ላይ ጥቃት እየበዛ ሲሄድ ገንዘቡ አደገ። በ2021 ለመላ አገሪቱ 180 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2022 250 ሚሊዮን፣ በ2023 305 ሚሊዮን ሆነ። በ2023 አንድ ድርጅት ለአንድ ቦታ እስከ 150,000 ዶላር መጠየቅ ይችል ነበር። ካሜራ፣ መብራት፣ በርና ቁልፍ፣ አጥር፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሠራተኞችና የአባላት ሥልጠና ይሸፍናል። ከድርጅቱ የራስ መዋጮ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ግራንት የሚሰጠው በሽብርና በጥላቻ ጥቃት ስጋት ላለበት ድርጅት ነው። የእሳት ወይም የጎርፍ ስጋት ምክንያት አይሆንም። የአባላትን መኖሪያ ቤትም አይሸፍንም። እንዲሁ ገንዘብ ስላለ ብቻ መጠየቅ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። እኛ ግን የሚያሳስበን ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሻችን ልጆች አማርኛ ይማሩበታል፤ የኋላው በር በደንብ አይዘጋም፤ የመኪና ማቆሚያው ማታ ጨለማ ነው። ስጋታችንን በሐቅ ጽፈን ማቅረብ እንችላለን። ሳንጨምር፣ ሳንቀንስ።

መንገዱ ላይ ሦስት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው በር ወረቀት ነው። ድርጅቱ ከግብር ነፃ የሆነ፣ 501ሲ3 የሚባለው መሆን አለበት። ከፌዴራል መንግሥት የሚሰጥ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ያስፈልገዋል። መለያው በነፃ ነው፤ «ላውጣላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትስጡ። የቦታውን ድክመት የሚያሳይ የደኅንነት ግምገማ ያስፈልጋል። ስለ ድርጅቱ ዓላማ የተጻፈ መግለጫና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚያስረዳ ማመልከቻ ይቀርባል። ቤቱ ኪራይ ስለሆነ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ከአሁኑ መያዝ ይኖርብናል። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ ያኔ ወረቀት መሰብሰብ የጀመረ አይደርስም።

ሁለተኛው በር አማላጁ መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅት በቀጥታ ለፌማ አያመለክትም። በስቴቱ በተሰየመው መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እኛ በዋና ከተማው ክልል ውስጥ ስለሆንን፣ ሜሪላንድ ብንሆንም የምናመለክተው በዲሲው የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ከዚህ ክልል ውጪ ያሉ የሜሪላንድ እህት ማኅበራት ግን የሚሄዱት ወደ ስቴቱ የአደጋ ጊዜ መምሪያ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ለጥላቻ ጥቃት ለተጋለጡ ድርጅቶች ከራሱ በጀት ግራንት ሰጥቷል፤ እሱንም መከታተል ተገቢ ነው።

ሦስተኛው በር ብዙ ትንንሽ ማኅበራትን የሚያስቀረው ነው። ይህ ግራንት ቀድሞ አይከፈልም። «ተፈቅዶላችኋል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ ቼክ አብሮ አይመጣም። ማኅበሩ አስቀድሞ ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ያቀርባል፣ ከዚያ መንግሥት መልሶ ይተካል። የአካባቢና የቅርስ ምርመራ አልቆ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይመጣ የተጀመረ ሥራም አይተካም። በባንክ 3,000 ዶላር ያለው ማኅበር የ60,000 ዶላር ፈቃድ ይዞ ምን ያደርጋል? ደብዳቤውን በፍሬም አድርጎ ይሰቅላል። ትልቁ ድርጅት ግን ከተቀማጩ አውጥቶ ሠርቶ ይተካለታል። ገንዘቡ ለሁሉም እኩል የቀረበ ይመስላል እንጂ፣ የሚደርሰው መጀመሪያ ገንዘብ ላለው ነው።

እህቶቼ፣ ይህን በር ለመክፈት ከሌላ ሰው መማር አያስፈልገንም። ባንክ በማያበድረን ጊዜ ሱቅ የከፈትንበት፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ያዋጣንበት እቁብ አለን። በምሳሌ ላሳያችሁ። የ60,000 ዶላር ሥራ ተፈቀደልን እንበል። ሥራውን በሦስት ብንከፍለው ለእያንዳንዱ ምዕራፍ 20,000 ዶላር ይበቃል። መጀመሪያ በሩ ይሠራል፣ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይቀርባል፣ ገንዘቡ ይመለሳል። በተመለሰው ካሜራው ይሠራል። እንደገና ሲመለስ መብራቱ ይሠራል። የግራንቱ የሥራ ጊዜ 36 ወር ስለሆነ ለዚህ ይበቃል። ታዲያ 20,000 ዶላር ከየት ይመጣል? 40 አባላት በወር 100 ዶላር ለ5 ወር ቢያስቀምጡ ይሞላል። ሥራው ሲያልቅ ለእያንዳንዷ 500 ዶላሯ ይመለስላታል፤ ወይም ለሚቀጥለው ይቆያል።

የሚመለስ ገንዘብ ነው ስላልኩ ስጋት የለውም ማለቴ አይደለም። የመንግሥት ክፍያ ይዘገያል፤ ፖሊሲም ይለወጣል። በሚያዝያ 2025 ፌማ ለአደጋ መከላከያ ግንባታ የሚሰጠውን ብሪክ የሚባል ትልቅ ፕሮግራም ማቆሙን አስታውቆ፣ ስቴቶች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ስለዚህ አምስት ሕግ በጽሑፍ እንድናወጣ እጠይቃለሁ።

አንድ፦ የእድሩ ገንዘብ በምንም ምክንያት አይነካም። እሱ የሙታን አደራ ነው።

ሁለት፦ የጽሑፍ ፈቃድ በእጃችን ሳይገባ፣ በተፈቀደው በጀት ውስጥ ለሌለ ነገር አንድ ዶላር አይወጣም።

ሦስት፦ ከአንድ ምዕራፍ በላይ በአንድ ጊዜ አይሠራም። ክፍያው ቢቀር የምናጣው በልኩ ይሁን።

አራት፦ ሥራው በዋጋ ማወዳደሪያ ይሰጣል። «የአጎቴ ልጅ ካሜራ ይሰቅላል» እዚህ ላይ አይሠራም። ዘመድ ያላት የኮሚቴ አባል ከውሳኔው ትወጣለች።

አምስት፦ ደረሰኝና ውል ሁሉ ግራንቱ ከተዘጋ በኋላ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጣል። ሂሳቡ በየሩብ ዓመቱ በዚሁ መጽሔታችን ይወጣል።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። እስከ ዛሬ ለልጆች መጽሐፍ፣ ለአረጋውያን ትራንስፖርት ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለዚህ ፈንድ የምትሰጡት ግን ከስጦታ ይለያል። 5,000 ዶላር ብታስቀምጡ አንድ ጊዜ ተበልቶ አያልቅም፤ ወጥቶ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይወጣል። አባላት ያለባቸውንም ጫና ይቀንሳል። ስማችሁ በካሜራው ላይ አይጻፍም፤ ካሜራው ግን ያለእናንተ አይሰቀልም።

የመጨረሻው ጉዳይ ቤታችን ነው። አዳራሹን ስንጠብቅ አባሎቻችን በየቤታቸው እንዳይረሱ። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ በባትሪ ብቻ የሚሠራ አሮጌ የጭስ ደወል እስከ 10 ዓመት በሚቆይ የታሸገ ባትሪ እንዲተካ በሕግ ታዛለች። ቀይ መስቀል ቤት ድረስ መጥቶ የጭስ ደወል በነፃ ይገጥማል። የሞንትጎመሪ፣ የፌርፋክስና የዲሲ አስተዳደሮች ለተመዘገበ ሰው በስልክ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። 911 ስትደውሉ እንግሊዝኛ ቢያጥራችሁ «አምሃሪክ» በሉና ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፤ አስተርጓሚ ይገናኛል። ለእነዚህ ግራንት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየሰፈሩ አንዲት እህት የአሥር ቤት ኃላፊነት ወስዳ ማንኳኳቷ ነው። ደወሉ ይጮኻል ወይ? ስልኩ ተመዝግቧል ወይ? ከቤዝመንቱ መውጫው መስኮት ይከፈታል ወይ? ብላ መጠየቋ።

እንግዲህ ለውሳኔ የማቀርበው ይህ ነው። የተመላላሽ ፈንዱ ባልኳቸው አምስት ሕጎች ይቋቋም። የወረቀቱን ሥራ የሚጨርሱ ሦስት አባላት ዛሬ ይመረጡ። ሁለት አባላት የካውንቲውን የዝግጁነት ስብሰባ እንዲከታተሉ ይወከሉ። አሥር አሥር ቤት የሚይዙ እህቶች ስማቸውን ከበሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ያስፍሩ።

የዘንድሮው ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው መንግሥት ነው። በወጣ ቀን ወረቀታችን ሙሉ፣ ፈንዳችን የተዘጋጀ መሆኑን የምንወስነው ግን እኛ ነን። ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።