ንባብ ቤታችን በጀት አለው ወይ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀመረ። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ። የተማሩትን እንዳይረሱ በገጠር ንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ብዙዎቹ ተዘጉ። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል። መጽሐፍ ያጣ ሰውም የቆጠረውን ፊደል ይረሳል።

ቤት መሥራት አንድ ነገር ነው። ቤቱን ከዓመት ዓመት ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩንና እንጨቱን እኛ እናቀርባለን። መጽሐፍም በስጦታ ይገኛል። ለምሳሌ ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በየገጠሩ ከተሞች ላሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲሰጥ ኖሯል። ታዲያ በሩን በየቀኑ የሚከፍተው ማን ነው? ለእርሱስ ደመወዝ ማን ይከፍላል? ሠራተኛ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እህል እንደሌለው ጎተራ ነው።

ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪው መጽሐፍ ያገኛል። ገበሬውስ? እናቶቻችንስ?

የመንግሥት ገንዘብ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። በክልላችን ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ወረዳው ጥቅል በጀት ይቀበላል። ገንዘቡ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌላውም ሥራ ይከፋፈላል። ክፍፍሉን የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዝም ያለ ሰው አይታሰብም።

የበጀት ዓመቱም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ መጠየቅ ዝናብ ካቆመ በኋላ እንደ መዝራት ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ማግሥት ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ በቀበሌ ስብሰባ ተነጋገሩ። ቀጥሎ የሚያስፈልገውን ቁጠሩ፦ አንድ ሠራተኛ፣ መደርደሪያ፣ መብራት፣ በየዓመቱ አዲስ መጽሐፍ። ከዚያ ማመልከቻ ጻፉ። እንዲህ በሉ፦

«እኛ የቀበሌው ነዋሪዎች ቤቱን በጉልበታችን እንሠራለን። ወረዳው የአንድ ሠራተኛ ደመወዝና የመጽሐፍ መግዣ በበጀቱ እንዲይዝልን እንጠይቃለን።»

ማመልከቻውን ለወረዳው አስተዳደር ስጡ። ቅጂውን እናንተ ያዙ። ለመረጣችሁት የምክር ቤት አባልም አንዱን ስጡት። መልስ ሲዘገይ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ደግማችሁ ጻፉ።

አንድ ነገር አትርሱ። በማመልከቻው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አታድርጉ። እያንዳንዳችሁ ስማችሁን በእጃችሁ ጻፉ። ማንበብ የሚችል ሕዝብ መኖሩን ምክር ቤቱ በዓይኑ ይይ።

እስከ ሳምንት በደኅና ሰንብቱ።