መስኮቱ ጋ የሚደርስ ሕግ



የምረቃ እንግዳ ምክር ያበዛል ተብሎ ይታማል። ዛሬ ምክሩ ይቅርና ሁለት የፓርላማ ሰዎች፣ አንድ አሮጌ የዜግነት ሕግ እና ከ55 ዓመት በላይ ተኝቶ የኖረ አንድ መዝገብ ይነሡ።

ነገሩን ከዚሁ ከለቡ መጀመር ይቻላል። የዚህ ሰፈር ብዙው ነዋሪ ከፒያሳ፣ ከልደታ፣ ከቂርቆስ ወይም ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ የመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ውስጥ መሸኛ የሚባለውን ወረቀት ፍለጋ ያልተመላለሰ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። ከዚህ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተመረቀው እዚያ ነው። በዚያ ባቡር ጅቡቲ ለመግባት ያሰበ ሰው ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ለፓስፖርቱ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይጠየቃል። ሰፈር ከቀየረ ደግሞ ለመታወቂያው መሸኛ አምጣ ይባላል። ዜግነት የሚባለው ትልቅ ጉዳይ ተራ ዜጋው ዘንድ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ወረፋ ይዞ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ።

የመጀመሪያዋ የፓርላማ ሰው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በ1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ ልጃቸውን ለትምህርት አውሮፓ ድረስ ላኳት። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ወይዘሮ ስንዱ ተማርከው አዚናራ በምትባለው የጣሊያን ደሴት ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ በኢትዮጵያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ በድምፁ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሲመርጥ ከተመረጡት መካከል ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። በወንዶች በተሞላ ምክር ቤት ውስጥ የሴቶችን መብት ሲያነሡ የሚደግፋቸው ብዙ እንዳልነበረ ይነገራል። የሚገርም አይደለም።

ወይዘሮ ስንዱ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ በሥራ ላይ የነበረው የዜግነት ሕግ ከፓርላማው ይበልጥ ያረጀ ነበር። የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከመድፋታቸው ጥቂት ወራት በፊት። ያኔ ፓርላማም ሕገ መንግሥትም አልነበረም። ለዘመኑ ግን ሕጉ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ይዟል። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆኑ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል፤ ብዙ አገሮች በእናት በኩል ዜግነት ለማሳለፍ አሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ግን አንድ እጁ የሰጠውን ሌላው እጁ ይወስዳል። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው አግብታ የባሏ አገር ሕግ ዜግነቱን ከሰጣት፣ ኢትዮጵያዊነቷ ይቀራል። ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ አገር ሴት ቢያገባ ደግሞ ሚስቱ ኢትዮጵያዊት ትሆናለች፤ እሱ የሚያጣው ነገር የለም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነውር አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ በተማሩባት በስዊዘርላንድ እንኳን የውጭ ሰው ያገባች ሴት በፈቃዷ ዜግነቷን ይዛ ለመቆየት የቻለችው እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያገቡ ሴቶችን ዜግነት የሚመለከተውን ስምምነት ያጸደቀው እርሳቸው በተመረጡበት በዚያው በ1957 ነበር። ዓለም መንቀሳቀስ ጀምሯል። የኢትዮጵያው ሕግ ግን አልተነካም። አብዮት መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ሕጉ ባለበት ቆየ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ጋብቻ ዜግነትን እንደማያስቀር ደነገገ፤ ከዚያም በኋላ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ ከስምንት ዓመት በላይ ፈጀ።

አሁን ወደ ተኛው መዝገብ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ወይዘሮ ስንዱ ያኔ አባል ነበሩ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ከ3,300 በላይ ቁጥሮች አሉት፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ስለ ክብር መዝገብ የሚናገሩ ብዙ ድንጋጌዎች ይገኛሉ። የክብር መዝገብ ሹም ማን እንደሚሆን፣ ልደት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሞትና ጋብቻ በምን እንደሚረጋገጥ በዝርዝር ተጽፏል። የሕግ ተማሪ አንብቦ ሲጨርስ አገሪቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜጎቿን አንድ በአንድ መዝግባ ያወቀች ይመስለዋል። መጨረሻው አካባቢ፣ ብዙ ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ ቁጥር 3361 አለ። የክብር መዝገብ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ትእዛዝ ቀኑን እስኪያሳውቅ ድረስ አይጸኑም ይላል።

ትእዛዙ አልወጣም።

ከዚህ በላይ ለሕግ አውጪ የሚያስተምር ነገር ማግኘት ያዳግታል። እጅ ወጥቶ የጸደቀ፣ የታተመ፣ በትምህርት ቤት የተጠና ሕግ በአንድ ቁጥር ታስሮ ትውልድ አለፈበት። በመካከሉ ሰው ልደቱን በምስክር፣ በክርስትና ወረቀት፣ ከ1967 በኋላ ደግሞ በቀበሌ መታወቂያ ሲያስረዳ ኖረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው የፓርላማ ሰው መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመርጠው ገቡና ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መሩ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆይተው ከበቾ በግል ተወዳድረው ተመልሰው ገቡ፤ በ1994 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከግርጌው የያዘው ስም የእርሳቸው ነው። ወጣት ሳሉ በመሩት ምክር ቤት ሳይነካ ያለፈውን ሕግ በሽምግልናቸው ፈርመው ሻሩት። ዕድሜ ለጥቂት ፖለቲከኛ ብቻ የሚሰጠው አጋጣሚ ነው።

አዲሱ አዋጅ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ብዙ ይናገራል። የ1922ቱ ሕግ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው አምስት ዓመት እንዲኖርና አማርኛ በደንብ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር፤ የ1996ቱ አራት ዓመት ይበቃል፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትም ይበቃል አለ። ለጋብቻ ወንድና ሴት እኩል ሆኑ፤ ሁለት ዓመት በትዳር፣ አንድ ዓመት በአገር ውስጥ። ጥምር ዜግነትን ግን አልፈቀደም። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሄዶ የዚያን አገር ዜግነት የወሰደ የለቡ ልጅ ቢጫ ካርድ ይይዛል፤ ይህም በ1994 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ንብረት ያፈራል፤ አይመርጥም፣ አይመረጥም። ይህ መሻሻል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በየሰርጉና በየለቅሶው ይሰማል፤ ምክር ቤቱ ግን እስካሁን አልዘለቀበትም።

የዜግነት አዋጁ የወጣበትን ወቅት ሳያስታውሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ከ1990 ጀምሮ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ብዙዎቹ የተለዩት በ1985ቱ የኤርትራ ነጻነት ሪፈረንደም ለመምረጥ በመመዝገባቸው ነበር፤ ለአንድ ጉዳይ የሞሉት ቅጽ ለሌላ ጉዳይ ተነበበባቸው። በሄግ የተቋቋመው የኤርትራና ኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ አንዳንዶቹ ዜግነታቸውን የተነጠቁት በዘፈቀደ ነው ብሏል። ኤርትራንም በሌሎች ጉዳዮች ተጠያቂ አድርጓል። ሕገ መንግሥቱ ማንም ዜግነቱን ያለ ፈቃዱ አይነጠቅም ሲል የጻፈው ከዚያ ጦርነት በፊት እንደነበር ልብ ይሏል።

የምክር ቤት ሥራ በቴሌቪዥን ሲታይ ቀላል ነው፤ እጅ ይወጣል፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ይባላል። ፍሬው ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። በፊት፣ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ አንቀጽ በአንቀጽ ሲበጠር፣ የሕዝብ ይፋዊ ውይይት ሲጠራና አዳራሹ ግማሽ ባዶ ሲሆን። በኋላ፣ አስፈጻሚው መመሪያ አወጣ ወይስ አላወጣም ብሎ የሚከታተል አባል ሲኖር ወይም ሲጠፋ። እንደ ቁጥር 3361 ያለውን አንቀጽ የሚያነቃ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ግን ማንም በጭብጨባ አይቀበለውም።

ከእናንተ ከተመራቂዎቹ መካከል አንዳንዶቻችሁ በቅርቡ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ፋይዳ የያዘች እናት መጥታ ዜግነቴ ተረጋገጠ ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ዲጂታል መታወቂያ ለነዋሪ የሚሰጥ እንጂ የዜግነት ማስረጃ እንዳልሆነ ሳታስደነግጡ ታስረዷታላችሁ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንደሚመዘገብ ያልሰማ አባት ይመጣል። ጋምቤላ የተመደባችሁ ደግሞ በመጠለያ የተወለደ የስደተኛ ልጅም እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 1049/2009 መፍቀዱን አለቃችሁን ማስታወስ ሊኖርባችሁ ይችላል። ከመስኮቱ ውጭ የምትቆሙት ጠበቆች በበኩላችሁ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ከቦርሳችሁ አታጥፉ። የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሳይመዘገብና ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን ሊያስገድድ አይችልም፤ በውሳኔው የተበደለ ሰውም ፍርድ ቤት የሚሄድበት በር አለ። «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል «የትኛው መመሪያ? ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ከእንግዲህ ሥራችሁ ነው።

ወላጆች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል፣ የዲፕሎማው ጠረጴዛም ተዘጋጅቷል። ለተመራቂዎችና ለደከሙላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።