ሚንበርና የምርጫ ሳጥን

 

በአሜሪካ ፓት ሮበርትሰን የተባለ ሰባኪ በ1960 (እ.ኤ.አ.) የሃይማኖት ቴሌቪዥን መሠረተ። በ1988 ለፕሬዚዳንትነት የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ተወዳደረ። ባይሳካለትም፣ ኋላ ያቋቋመው ማኅበር በፓርቲው ውስጥ ተሰሚ ሆነ። በዚህ መንገድ የስብከት መድረክ የፓርቲ መድረክ ይሆናል።

እኛም የሃይማኖትና የሥልጣንን ጋብቻ እናውቀዋለን። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥት የራሱ ሃይማኖት ነበረው፤ ሙስሊሙም በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ይታይ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን ክርስቲያን ወንድሞቻቸው ከጎናቸው ሆነው በአዲስ አበባ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ጠየቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ይህንኑ ደነገገ።

በወላይታ በቁጥር ጥቂት ነን፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ገበያ እንውላለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። ይህ አንቀጽ ለእኛ ጥላ ነው። ግን ግዴታም አለብን። ኢማማችን በኹጥባ «እገሌን ምረጡ» ካለ፣ ሌላው ከመድረኩ እንዲሁ ሲል በምን አፍ እንወቅሳለን? ሚንበር ፍትሕን ያስተምር፣ ጉቦን ያውግዝ፤ ፓርቲ ግን አይምረጥልን። ከሬዲዮም ሆነ ከቴሌቪዥን የሰማነውን ሱረቱል ሑጁራት እንዳዘዘን እናጣራ።

አላህ ሐቁን ያሳየን። ወሰላሙ ዐለይኩም።