ባዶው በርሜል
(በማኅበራችን የዘንድሮ የምሩቃን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ነዳጅ ሥራና ፍንዳታ ተናገር ስባል ብዙዎቻችሁ ከኦጋዴን የምጀምር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ የምጀምረው ከትውልድ ከተማዬ ከመካነ ኢየሱስ ነው። ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ቤተሰብ ጋ ገብቻለሁ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት ነበር፤ ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንለው። አንድ ቀን የናፍጣ በርሜል ለሁለት ሊቆርጥ ጋዙን ለኮሰና ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ኢንጂነሩ፣ ችግር የለውም አይደል?» አለኝ፣ በግማሽ ቀልድ። እኔም ኮራ ብዬ «ጋሼ፣ ናፍጣ እኮ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ ደግሞም ባዶ ነው» አልኩት። ብዙም አልቆየ፣ የበርሜሉ ክዳን ተፈንቅሎ ፊቱን መታው። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም።

ያልኩት ሁሉ ከፈተና ወረቀት ላይ ቢጻፍ ግማሽ ነጥብ ያሰጥ ነበር። ናፍጣ በተለመደው የአየር ሙቀት በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የበርሜሉ ግድግዳ ላይ የቀረችው ቅባት በብየዳ እሳት ስትሞቅ ትተናለች። ተኑ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ጢም ብሎ የሞላ በርሜል ውስጥ ግን ለዚያ የሚሆን አየር የለም። የቤንዚን ተን እንዲፈነዳ ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 1.4 ያህል መሆኑ ይበቃል። ይህን ዓይን አያይም፤ አፍንጫም አይለካም።

ትልልቆቹም ጋ ያው ነው። ግንቦት 28 ቀን 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2006) በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ራሌይ በተባለ ቦታ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ በኮንትራት የተሰማሩ ሠራተኞች በድፍድፍ ታንከሮች መካከል ቧንቧ ሊያገናኙ ወጡ። በያጁ ታንከሩ ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠው በምን መሰላችሁ? የተለኮሰ የጋዝ ብየዳ ወደ ውስጥ አስገብቶ! አልፈነዳም፤ ስለዚህ ሥራ ጀመሩ። አጠገቡ ካለው ታንከር የወጣ ቧንቧ ግን አፉ አልተደፈነም ነበር። የብየዳው ፍንጣሪ ከዚያ የሚወጣውን ተን አቀጣጠለው። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በያጁ ክፉኛ ተጎዳ። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው የጋዝ መለኪያ አለመጠቀማቸውን፣ ቧንቧው አለመደፈኑን፣ የብየዳ ፈቃድ የሚባል ወረቀትም አለመኖሩን ነው።

እኛ ጋ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው፤ የማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው ደግሞ መስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከጉድጓዱ ቀጥሎ የሚመጣው ታንከር አጣቢው፣ በያጁ፣ ቧንቧ ገጣሚው፣ ቦቴ ነጂው ነው፤ አብዛኛው በንዑስ ተቋራጭ የሚቀጠር። የብየዳ ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው ግን ከዚህ ግቢ የወጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ የሚያወጣ ጉዳት ሲደርስበት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይሰጠዋል። የቀን ሠራተኛን ገቢ አስባችሁ አባዙት። ጋሼ ደግሞ የራሱ አሠሪ ነበርና ያም አልነበረውም።

መምህራኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የወርክሾፕ ልምምድ ላይ ተማሪው ብየዳ ከመያዙ በፊት በርሜል ያጥብ፤ ውኃ ይሙላበት፤ ይለካ፤ ወረቀቱ ላይ ይፈርም። «አልፈርምም» ማለትንም ይለማመድ፤ እኔ ያንን ነበር ያላወቅሁት።

የጋዝ መለኪያ አንድ ይዤ መጥቻለሁ፤ ለወርክሾፑ ነው። ያቺ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ቢጫዋ ናት። ሻይ ስንጠጣ አንዳንዳችሁ አብሩና እዩዋት፤ ባትሪዋ ተሞልቷል።